«ሁለተኛ መስመር ይጨምሩ፣ አለቀ»፦ ክርክር ስለ ድራይቭ ስሩ ሰልፍና ስለ መሀል ከተማ ፓርኪንግ

መንገደኛ፦ ስለ ድራይቭ ስሩ፣ ማለትም ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት ምግብ ስለሚገዛበት ቤት፣ በየፈቃድ ስብሰባው አንድ ዓይነት መልስ መስማት ሰለቸን። ነዋሪው «የድራይቭ ስሩ ሰልፍ ዋናውን መንገድ ዘጋው» ይላል፤ የምግብ ቤቱ መሐንዲስ ተነስቶ «ሁለተኛ የማዘዣ መስመር እንጨምራለን» ብሎ ይቀመጣል፤ ይጸድቃል። ይሄ ነው እንግዲህ ጥናት የሚባለው!

ባለሱቁ፦ ታዲያ ምን ጎደለው? ሁለተኛ መስመር ይጨምሩ፣ አለቀ። መሀል ከተማን የገደለው የመኪና ማቆሚያ እጦት ነው፤ እናንተ የበርገር ሰልፍ ትቆጥራላችሁ።

ቀማሪ፦ እስቲ «አለቀ» ያልከውን እንየው። ማዘዣው ሁለት ቢሆን አምስት፣ ምግቡ የሚወጣው በአንድ መስኮት ነው። ሁለተኛው ማዘዣ የሚጠቅመው ማዘዙ ከመረከቡ ሲዘገይ ብቻ ነው። መስኮቱ ለአንድ መኪና በአማካይ 60 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት ከ60 በላይ አያሳልፍም። መኪኖቹ እንደመጣላቸው በሚመጡበት የሰልፍ ስሌት፣ በሰዓት 45 ሲመጡ ግቢው ውስጥ በአማካይ 3 ይገኛሉ። 54 ሲመጡ 9። መጪው በ20 ከመቶ ጨመረ፣ ሰልፉ ሦስት እጥፍ ሆነ። ያውም አማካዩ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከዚያም ያልፋል።

እግረኛው፦ ለአንድ መኪና ከነክፍተቱ 7 ሜትር ያዙለት። 9 መኪና 63 ሜትር። ግቢው 40 ሜትር ብቻ ካለው አምስቱ ይገባሉ፣ አራቱ የእግረኛ መንገድ ላይ ይተኛሉ። አለቀ።

ባለሱቁ፦ 😂 እሺ ፌዘኛ። ትዕዛዙ የዘገየበትን መኪና ወደ ፊት አሳልፈው ያቆሙታል፣ ሠራተኛ ምግቡን ያደርስለታል፣ መስኮቱ ይለቀቃል። ግማሹ ሰው ደግሞ በስልኩ አዝዞ ነው የሚመጣው።

ቀማሪ፦ ለሁለት ለሦስት መኪና ይሠራል። የዘገየው ወጥ ቤቱ ከሆነ ግን መጠበቂያዎቹ ወዲያው ይሞላሉ፤ ምግብ ይዞ የሚወጣውም ሠራተኛ ከዚያው ከወጥ ቤቱ የተቀነሰ ነው። የስልክ ትዕዛዝ ማዘዣው ላይ የሚባክነውን ጊዜ ይቆርጣል እንጂ መጥበሻውን አያፈጥንም።

ቀጣና፦ ፈቃድ ሰጪው መጠየቅ ያለበትን ልናገር። የሰልፉ ቦታ ከመረከቢያው መስኮት እስከ ግቢው ወሰን ተለክቶ ይቅረብ። ቆጠራው በዚያው ዓይነት ቤት፣ በራሱ የመጨናነቂያ ሰዓት ይሁን፤ የቡና ቤት ጫና ጠዋት ሰው ሥራ ሲገባ ነው፣ የበርገሩ ደግሞ በምሳና በእራት። የቡናን ሰልፍ በበርገር ሠንጠረዥ የሚገምት ጥናት ይመለስ። የሰለቸው ሰው ወጥቶ የሚሄድበት ማለፊያ መስመር ይኑር፣ አለዚያ የፊተኛው ሲቆም ሁሉም ታሰረ። መግቢያው ከጎን መንገድ ይሁን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ መግባት ይከልከል። ወደ ግራ የሚታጠፈው አንድ መኪና ከኋላው ያለውን መስመር በሙሉ ያቆማል፤ አምቡላንስም ቢሆን እዚያው ነው የሚቆመው።

የልጆች እናት፦ ሁላችሁም ጤነኛና ብቸኛ ናችሁ መሰለኝ። ሁለት ሕፃን ከኋላ የተኛባት እናት፣ ክራንች የያዘ ሰው፣ ለእነዚህ መስኮቱ ቅንጦት አይደለም።

እግረኛው፦ እህቴ፣ ዓይነ ስውር መኪና አይነዳም። ማታ በሩ ተቆልፎ መስኮቱ ብቻ ሲሠራ፣ በእግሩ የመጣውን «ለደኅንነትህ» ብለው የሚመልሱት ብዙ ናቸው። በሩ አጠገብ ሁለት የመረከቢያ ማቆሚያ ቢኖር ክራንች የያዘውም፣ የአንቺ ልጆችም ይስተናገዳሉ፤ ሞተርም ጠፍቶ።

መንገደኛ፦ የአሜሪካዋ ከተማ ሚኒያፖሊስ እኮ በ2019 አዲስ ድራይቭ ስሩ ከልክላ ተገላገለች።

ባለሱቁ፦ አዲስ! የነበሩት ቀጠሉ። ማለት ነባሮቹ ከተፎካካሪ ተጠበቁ፣ ሰልፋቸውም ባለበት ነው። እናንተ ድል የምትሉት ይሄን ነው? ወደ ፓርኪንጉ ኑ እስቲ፣ ለምን ትሸሻላችሁ?

ቀጣና፦ አንሸሽም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደንብ ምግብ ቤት በ100 ካሬ ሜትር 10 ገደማ ማቆሚያ ይጠየቅ ነበር። አንድ ማቆሚያ ከመተላለፊያው ጋር 30 ካሬ ሜትር ይፈጃል። አስላው፦ ለ100 ካሬ ምግብ ቤት 300 ካሬ አስፋልት። ሱቆችህን ያራራቀው ይሄ ነው። የቡፋሎ ከተማ ይሄን የማቆሚያ ግዴታ በ2017 አነሳች።

ባለሱቁ፦ ግዴታውን አንሳ፣ ደንበኛዬ የት ይቁም?

ቀማሪ፦ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ በዋጋ። የፓርኪንግ ምሁሩ ዶናልድ ሹፕ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ነው፦ በየብሎኩ ከሰባት ቦታ አንዱ ያህል ክፍት እስኪሆን ዋጋውን አስተካክል። ሳን ፍራንሲስኮ ከ2011 ጀምሮ ሞክራዋለች፤ የሞላው ብሎክ ዋጋ ይጨምራል፣ ባዶው ይቀንሳል። ነፃ ከሆነማ ጠዋት ቀድሞ የሚይዘው ማን ነው? የሱቁ ሠራተኛ! የማቆሚያው የሰዓት ገደብ እንዳያልፍበት በየሁለት ሰዓቱ ወጥቶ መኪናውን አንድ ቦታ ያንቀሳቅሳል፣ ደንበኛው ይዞራል።

ባለሱቁ፦ ሠራተኞቼን አትንካ። የማቆሚያ ክፍያ ሰው ያባርራል፣ ገንዘቡም የማዘጋጃ ቤት ካዝና ይገባል።

ቀጣና፦ ስለ ገንዘቡ ልክ ነህ፣ ካልተጻፈ ይገባል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የኦልድ ፓሳዴና የገበያ ሰፈር በ1993 የማቆሚያ ክፍያ ሲጀመር ገቢው ለዚያው ሰፈር የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ጽዳት እንዲውል ተወሰነ፤ ነጋዴውም የተስማማው በዚያ ነው።

መንገደኛ፦ ሰልፉስ? ወደ ሰልፉ እንመለስ። ከጸደቀ በኋላ መንገድ ላይ ቢወጣ ማን ይጠየቃል?

ባለሱቁ፦ በመክፈቻው ሰሞን ባለቤቱ ትራፊክ አስከባሪ ይቀጥራል። ከዚያ ሰዉ ይለምደዋል።

ቀጣና፦ ልምዱን አንጠብቅም። ፈቃዱ ላይ ይስፈር፦ ሰልፉ ከወሰኑ ሲያልፍ መጀመሪያ አስከባሪ በባለቤቱ ወጪ፣ ቀጥሎ መግቢያውን ማዛወር፣ ካልሆነ በመጨናነቂያ ሰዓት መስኮቱን መዝጋት። ያልተጻፈውን ቅድመ ሁኔታ በኋላ ማንም አያስከብረውም።

ባለሱቁ፦ ይስፈር! ግን ለፋርማሲውም፣ ለባንኩም መስኮት ይስፈር። ምግብ ቤት ብቻ ምን በደለ?

እግረኛው፦ የባንክ መስኮት በሰዓት 54 መኪና ሲያስተናግድ ያን ጊዜ እናወራለን።

ባለሱቁ፦ በደመወዝ ቀን ሄደህ ቁጠር።