ኅብረ ቃሉ ላመለጠው ሰው ቅኔውን እንዴት እናስረዳው?

«ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ» በሚለው ስንኝ ላይ «የዚህ ቅኔ ውበቱ ምኑ ላይ ነው?» ተብሎ የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው እንኳ ምኑ እንደሚደነቅ ላይገባው ይችላል። የተሰጡት መልሶች ግን ወርቁን፣ ማለትም የተሰወረውን ፍቺ ብቻ አውጥተው «በጣም ወደድኩሽ ማለቱ ነው» ስለሚሉ፣ ጠያቂው ፍቺውን ይዞ ለዛውን ሳያገኝ እንዳይቀር እሠጋለሁ።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱን ፍቺ በአንድነት የያዘው ቃል ነው፤ እርሱም «ተሰቀለልሽ» ነው። ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ፣ አዳም ዕፀ በለስን በመብላቱ መድኃኔ ዓለም መሰቀሉን ይናገራል። ወርቁ ደግሞ በናፍቆትና በጉጉት ማረፊያ ያጣ ሰው «ልቤ ተሰቀለ» የሚለው ፈሊጥ ነው። ገጣሚው ከንፈሯን አዳም፣ ልቡን መድኃኔ ዓለም አድርጎ በመሰየሙ ጥፋቱ የከንፈሯ፣ መከራው የልቡ ይሆናል፤ የስንኙ ውበት ያለው በዚህ ድልድል ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የአዳምን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ስንኙን ተራ የፍቅር እሮሮ ያደርገዋል፤ ፈሊጡን የማያውቅ ደግሞ ሃይማኖታዊ ግጥም መስሎት ያልፋል። ስለዚህ አስረጂው ከሁለቱ የትኛው እንደጎደለ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

አንዳንዴ የሚጎድለው ሥርዓቱን ማወቅ ነው። በቀልዳቸው በታወቁት በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚተረኩት ጨዋታዎች በአንዱ፣ ከቀረበላቸው ምግብ ውስጥ አይጥ መኖሩን ያዩት አለቃ ከማዕድ በኋላ ሲመርቁ ምርቃቱን «አይጡ» በሚል ቃል ያሳርጉታል። ጋባዡ «እርስዎ ማጣት አይድረስብዎ» የሚለውን ሲሰማ፣ ነገሩን ያወቀ ሰው «ያ አይጥ» የሚለውን ይሰማል። የተበላበት ቤት መመረቁ የተለመደ መሆኑን ያልነገርነው አድማጭ ግን፣ ነቀፌታው ለምን በምርቃት ውስጥ እንደተደበቀና ጋባዡም ለምን «አሜን» ከማለት ሌላ መንገድ እንዳልነበረው አይረዳም።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን የማያሳይ መሆኑም ብዙ ሰው ያሳስታል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል፤ «ዋና»ም ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ዐቢይ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቃል ላይ የተሠራ ጨዋታ በወረቀት ላይ ሁለቱንም ንባብ እኩል ይይዛል፤ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ግን አንዱን ድምፅ ሲመርጥ ሌላውን ይዘጋዋል። በውጭ አገር አድገው አማርኛን በአብዛኛው ከጽሑፍ የተማሩ ልጆች በተለይ እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ለእነርሱ ስንኙን አንድ ጊዜ አላልቶ፣ አንድ ጊዜ አጥብቆ በድምፅ ማንበብና ሁለተኛውን ፍቺ ራሳቸው እስኪያገኙት ጥቂት መታገሥ፣ ረጅም ማብራሪያ ከመጻፍ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።