ውስጥ እግሬ ላይ የማያም እብጠት ወጣ፣ ድሬ ላይ ማን ጋ ልታይ?

ባለ ባጃጁ (ገንደ ቆሬ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። አቦ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ቀኝ ውስጥ እግሬ ላይ፣ ተረከዙን አለፍ ብሎ ጎድጎድ የሚለው ቦታ ላይ የሆነ ነገር ጉብ ብሏል። መጀመሪያ ሽምብራ ቢያክል ነው፣ ዝም አልኩት። አሁን ለውዝ ከነቅርፊቱ አክሏል። አያመኝም። ሲነካ ጠንከር ያለ ነው፣ ቆዳው ላይ ቁስልም የለው፣ ቀለሙም አልተቀየረም። ችግሩ ባጃጅ ነው የምሠራው፣ ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ክብደቱ እዛው ቦታ ላይ ያርፋል፣ ማታ ቤት ስገባ እግሬን ደስ አይለኝም።

እሁድ እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ የቤተሰብ ፍየሎች ስላሉን በሸበጥ እሄዳለሁ። እሾህ የወጋኝ ጊዜ ብዙ ነው። የኛን አገር እሾህ ታውቁታላችሁ፣ ሸበጥ በስቶ ነው የሚገባው። የትኛው እሾህ መቼ እንደወጋኝ ግን አላስታውስም።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ራጅ አነሱኝ። "አጥንትህ ሰላም ነው" ብለው ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ሰጥተው ሸኙኝ። ኪኒኑ አለቀ፣ እብጠቱ እንዳለ ነው። እናቴ ወጌሻ ጋ ሂድ ትላለች። ጫት ቤት ያሉት ጓደኞቼ ደግሞ ካንሰር ነው እያሉ ይቀልዳሉ፣ ቀልዱ አልጣመኝም። እንዲህ ዓይነት ነገር የወጣበት አለ? የቆዳ ሐኪም ነው የሚያየው ወይስ ቀዶ ጥገና?

የመጋላው፦

አባው አትጨነቅ። እናትህ ልክ ናት። እዚህ ሰፈር አንድ ወጌሻ አሉ፣ የኔን ቁርጭምጭሚት አሽተው ቀጥ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የአጎቴ ልጅ እጁ ላይ የወጣበትን ቋጠሮ ደግሞ በወፍራም መጽሐፍ ጧ አድርገውለት ወዲያው ጠፋ። ሐኪም ቤት ከሄድክ ወይ ፓራሲታሞል ወይ ቢላዋ ነው።

ድሬ ናት ሁሌም፦

ሙጃሌ አይሆንም እንዴ?

ሲስተር ከሳቢያን፦

ሙጃሌ አይደለም። ሙጃሌ ያሳክካል፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፣ እንዲህ ሳያም እያደገ አይቆይም።

የመጋላው፣ ወጌሻው ወለምታ ላይ ጎበዝ ይሁኑ፣ አልከራከርህም። ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት ግን አይታሽም፣ አይፈነዳም፣ በምላጭ አይበጣም፣ አይተኮስም። የአጎትህ ልጅ ላይ የነበረው ጋንግሊዮን የሚባለው ይመስለኛል። ከመገጣጠሚያ ወይም ከጅማት ሽፋን የሚነሳ፣ ውስጡ ዝልግልግ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ነው። የእጅ አንጓ ላይ ይወጣል፣ እግር ላይም በተለይ ከላይ በኩል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሳይነኩት ራሱ ይጠፋል። በመጽሐፍ መምታት የድሮ ሰው ዘዴ ነው፣ ይፈነዳል፣ ከረጢቱ ስለሚቀር ግን ተመልሶ ይሞላል። አጥንት የሰበረ ሰውም አለ።

ባለ ባጃጁ፣ ይሄ ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። ማንም ሳያይህ "ይሄ ነው" ካለህ አትስማው። ግን እዛ ቦታ ላይ ምን ምን ሊወጣ እንደሚችል ልንገርህ። ከቆዳህ ሥር ከተረከዝ እስከ ጣቶችህ የተዘረጋ ጠንካራ ሽፋን አለ። እሱ ላይ አንዳንዴ ቋጠሮ ይሠራል፣ ፋይብሮማ ይሉታል። የሚወጣው ልክ አንተ ያልከው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። ካንሰር አይደለም። ካላስቸገረም አይነካም፣ ምክንያቱም ሲቆረጥ ተመልሶ የመውጣት ጠባይ አለው። የስብ እብጠትም አለ፣ እሱ ግን ለስለስ ይላል። ሌላው ተሰብሮ የቀረ እሾህ ነው። ሰውነት ያልወጣለትን ባዕድ ነገር ዙሪያውን ከብቦ ያጠጥረዋል፣ ቁስሉ ከዳነ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ እብጠት ብቅ ይላል። ሰውየው መወጋቱን እንኳን የረሳበት ጊዜ ነው።

ራጁን በተመለከተ፣ ራጅ በደንብ የሚያሳየው አጥንትና ብረት ነው። እንጨትና እሾህ ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አይታይም። ስለዚህ አጥንትህ ሰላም ነው ተባልክ እንጂ እግርህ ሰላም ነው አልተባልክም። ቀጥሎ የሚያስፈልግህ አልትራሳውንድ ነው። ለነፍሰ ጡር ብቻ አይደለም አልትራሳውንድ። ፈሳሽ ይሁን ጠጣር፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ ውስጡ ስባሪ ካለም ያሳያል። ግን ለሚያነሳህ ሰው "እሾህ ይወጋኛል" ብለህ ንገረው። ካልነገርከው ላይፈልገው ይችላል።

ሳትውል ሳታድር ሂድ የሚያስብለው ደግሞ በፍጥነት እያደገ ከሆነ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ሲነኩት ከሥሩ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ሌሊት በሕመም ከቀሰቀሰህ፣ ጣቶችህ ከደነዘዙ ወይም ብሽሽትህ ላይ ንፍፊት ከወጣ ነው። ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ካለህማ የዛኑ ቀን ነው። ትንሽ ስለሆነ ምንም አይደለም የሚባል ነገርም የለም፣ እግር ላይ በዝግታ የሚያድግ መጥፎ ዕጢ አለ፣ እምብዛም ነው ግን አለ። እግረ መንገድህን ስኳርህን ተለካ።

ጤና መኮንን ነኝ፦

ሲስተር ጥሩ አድርጋ አስረድታለች። አንድ ያላነሳችው ነገር አለና ልጨምር፣ ለማስፈራራት አይደለም። የድሬ ሙቀት፣ እሾህ፣ ሸበጥ፣ ፍየል፣ የማያም እብጠት። እነዚህን አንድ ላይ ስሰማ ማይሴቶማ ነው ቀድሞ የሚመጣብኝ። ማዱራ እግርም ይሉታል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ ማዱራ በሚባል ቦታ ስለታወቀ ነው። አፈርና እሾህ ላይ ያለ ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ በተወጋው ቀዳዳ ይገባል። ሞቃትና ደረቅ አገር ላይ በባዶ እግሩ ወይም በሸበጥ የሚሄድ እረኛና ገበሬ ነው በብዛት የሚያዘው፣ አብዛኞቹ ከ15 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው።

የዚህ በሽታ ተንኮሉ አለማመሙ ነው። ሰው ስላላመመው ይተወዋል። ዓመት ያልፋል፣ ሁለት ያልፋል። ከዛ ቆዳው ላይ ቀዳዳ ያወጣል፣ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ ፈሳሹ ውስጥ ጥቁር ወይም ነጭ ወይም ቢጫ ፍርፋሪ ይታያል። ወደ አጥንት ይገባል። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ። ሱዳን ካርቱም ላይ ለዚህ በሽታ ብቻ የምርምር ማዕከል አቋቁማ ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ችላ ከተባሉት የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። እና ብዙ ክሊኒክ ትዝ የማይለው ለዚህ ይመስለኛል።

ፈንገስ ከሆነ ኢትራኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ፣ ከቀዶ ጥገና ጋር። ባክቴሪያ ከሆነ እንደ ኮትሪሞክሳዞልና አሚካሲን ባሉ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ ያለ ቢላዋ ይድናል። እሱም ቢሆን ወራት ይፈልጋል። የአንድ ዙር ኪኒን ለሁለቱም አይበቃም። ስለዚህ ናሙና ተወስዶ ስሙ ሳይታወቅ ሌላ አንቲባዮቲክ ቢጽፉልህ "ለምኑ ነው?" ብለህ ጠይቅ። እንደገና እላለሁ፣ ነው አላልኩም። ያንተ ፋይብሮማ ወይም የእሾህ ስባሪ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ግን ማይሴቶማ ገና ጉብ ብሎ ቀዳዳ ሳያወጣ ሲያዝ ነው በቀላሉ የሚወጣው፣ አንተ ያለህበት ጊዜ ማለት ነው።

ባለ ባጃጁ፦

አቦ ሰው እንቅልፍ እንዲተኛ አትፈልጉም እንዴ!

ራስታ ከዚራ፦

ቀለሙ አልተቀየረም ያልከው ደስ ይላል። እኛ ጥቁሮች የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ ነው ብለን ነው የምንኖረው። ሜላኖማ የሚባለው ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ በብዛት ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌ የእግሩ አውራ ጣት ላይ የነበረው የኳስ ጉዳት ነው የመሰለው። ምንነቱ የታወቀው በ1977 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ በ1981 በ36 ዓመቱ ሄደ። እብጠት ላለበት ሁሉ ይሄን አልልም፣ እግሩ ላይ የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ ያለበት ሰው እያነበበ ከሆነ ብዬ ነው።

የጁገል ልጅ፦

ወንድሜ ላይ የወጣው እግሩ ላይ ከላይ በኩል ነበር፣ ለስላሳ። ሐኪሙ ክፍሉን አጨልሞ ባትሪ አበራበት፣ ብርሃኑ አለፈ፣ ፈሳሽ ነው አለው። ጫማ ቀየረ፣ በቃ። የኛ ደንበኛ ግን ጠጣር ነው እያለ ነው፣ ስለዚህ እሱን እርሱት።

አካሄዱን ልንገርህ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ካለህ ከጤና ጣቢያህ ጀምር። ሪፈር ሳትይዝ ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄድ መድኑ ሙሉውን ላይሸፍንልህ ይችላል። ድሬ ላይ ድል ጮራ አለልህ፣ ሳቢያን አለልህ። እዛ ካልሆነ ሐረር ሕይወት ፋና ነው፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ስለሆነ ስፔሻሊስት ታገኛለህ። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት በጊዜ ተነሳ። ካርድ ስታወጣ "ቀዶ ጥገና ተመላላሽ" በል፣ ወይም የአጥንት ሐኪም ካለ እሱም ያየዋል። የቆዳ ሐኪም ቁስል ወይም ቀለም ቢኖረው ነበር። የራጁን ፊልም ይዘህ ሂድ፣ እንደገና አያስከፍሉህም። ደግሞ ዛሬውኑ በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አድርግ። "አድጓል" ስትል "በምን ያህል?" ይሉሃል።

የመጋላው፦

እሺ እሺ፣ ወጌሻውን ተውኩ። ግን ባዮፕሲ (ናሙና ወስዶ መመርመር) ካደረጉት ይሰራጫል ይባላል፣ ይሄንን መልሱልኝ።

ሲስተር ከሳቢያን፦

ይሄ ወሬ ስንቱን ሰው ቤቱ አስቀረ። በመርፌ ናሙና ስለተወሰደ ደህናው እብጠት ካንሰር አይሆንም። የሚጎዳው ሌላ ነው፣ ምንነቱ ሳይታወቅ አንዱ ክሊኒክ ከፍቶ ጎርዶ ያወጣውን ቆሻሻ ውስጥ ሲጥለው ነው። መጥፎ ነገር ከነበረ ግማሹ ውስጥ ይቀራል፣ ምን እንደነበረም ማንም አያውቅም። ማንም ቢቆርጥህ መጀመሪያ "የወጣው ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረገው ምርመራ) ይሄዳል ወይ?" በል። አይሄድም ካለህ ጫማህን አድርገህ ውጣ።

ባለ ባጃጁ፦

ሄጄ ታየሁ። እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ ታግሶ ሰማኝ፣ ስለ እሾሁ ስነግረው ራሱ አልትራሳውንድ ጻፈልኝ። ጠጣር ነው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር የመሰለ ነገር ታይቷል። እሾህ ሊሆን ይችላል አለኝ፣ ግን አልማለም። ስኳሬ ደህና ነው። ረቡዕ እዛው ቦታ ላይ አደንዝዘው ያወጡታል፣ የወጣውን ደግሞ ራስህ ይዘህ ለምርመራ ትወስዳለህ ተባልኩ። በምን ነው የምይዘው? ባጃጅስ መቼ መንዳት እችላለሁ?

ጤና መኮንን ነኝ፦

ጎሽ! ዕቃውን እነሱ ይሰጡሃል። አንድ ነገር ብቻ ከቀዶ ጥገናው በፊት ጠይቅ። ፓቶሎጂ የሚሄደው ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያደርግ ኬሚካል) ውስጥ ነው የሚገባው። ፈንገስ ወይም ባክቴሪያ ለማብቀል የሚላክ ከሆነ ግን ፎርማሊን ይገድለዋል፣ ስለዚህ ከናሙናው ቆረስ ተደርጎ ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል። "ማይሴቶማን ለማጣራት ካልቸርም ይላክልኝ ወይ?" በለው፣ አይቆጣም። እሾሁ ከወጣም አይጣል፣ አብሮ ይሂድ። ዕቃው ላይ ስምህና የካርድ ቁጥርህ መጻፉን እዛው ሳለህ እይ።

ሲስተር ከሳቢያን፦

የቴታነስ ክትባትህንም አስታውሳቸው። ውስጥ እግር ላይ ያለ ስፌት ከሌላው ቦታ በላይ ይቆያል፣ 2 ወይም 3 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ስትረግጠው ይከፈታላ። ተረከዝህን ብቻ እየረገጥክ ወይም በክራንች ነው የምትንቀሳቀሰው። ፍሬን መርገጥ የለም። ፍየሎቹ ጋም የለም፣ ስትመለስም በሸበጥ ሳይሆን በደህና ጫማ። ባጃጁን ከአሁኑ ለምታምነው ልጅ ስጠው።

የመጋላው፦

እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ። የቀን ገቢው ስንት ነው?

ባለ ባጃጁ፦

ካንተ ወጌሻው ይሻሉኛል።