ጥቆማ፦ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ለክራብ ጥሩ ሱቅ የምታውቁ?

ማሂ_አሌክስ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል ግን የምሬን ነው። ከጎናችን ያሉ ሰዎች አፓርታማ ሲለቁ ለልጆቻቸው ባለፈው ሰመር ኦሽን ሲቲ ባህር ዳርቻ ቦርድዎክ ላይ የገዙላቸውን ኸርሚት ክራቦች (ባዶ ዛጎል ውስጥ የሚኖሩት ሸርጣኖች) ከነሽቦ ቤታቸው ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ጥለዋቸው ሄዱ። ልጄ አይታቸው እንውሰዳቸው ብላ ስታለቅስ ምን ላድርግ፣ አመጣኋቸው። ሦስት ናቸው። አንዱ የፉትቦል ቡድን አርማ የተቀባ ዛጎል ውስጥ ነው ያለው፣ ቀለሙ እየተላጠ ነው። ትንሹ ደግሞ እግሩን አንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ አይንቀሳቀስም። አብሯቸው የመጣው ደረቅ ምግብና ስፖንጅ የገባበት የውሃ ሳህን ብቻ ነው። ታንክ፣ አሸዋ፣ ጨው ምናምን ከየት ልግዛ? ትልልቆቹ የቤት እንስሳት ሱቆች ፔትኮና ፔትስማርት ይሻላሉ ወይስ ትንንሾቹ የአሳ ሱቆች? ከመቶ ዶላር ብዙ ባይዘል ደስ ይለኛል። እነሱን የሚያይ ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ካለም ጠቁሙኝ።

ዴቭ_ዲሲ
ለክራብማ ዲሲ ወንዙ ዳር ዋርፉ ጋ ያለው ሜይን አቬኑ የአሳ ገበያ ነው፣ ሌላ ቦታ እንዳትለፊ። ከ1805 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። ብሉ ክራቡን እዛው ኦልድ ቤይ በሚባለው ቅመም ቀቅለው ይሰጡሻል፣ ቅዳሜ በጠዋት ሂጂ ፓርኪንግ ሳይጨናነቅ።

ማሂ_አሌክስ
ኧረ ወንድሜ ልበላቸው አይደለም፣ ላሳድጋቸው ነው 😂

ዴቭ_ዲሲ
ይቅርታ ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው። ግን ዋርፉን በሌላ ቀን ሞክሪው።

ወለተ_ማርያም
ሸርጣን ቤት ውስጥ? ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ተጸየፉት አይደል እንዴ የሚለው።

ኪሩቤል_ኤስ
እህቴ እሱ ስለመብላት ነው። ድመትም አይበላም፣ ግን ድመት የሌለበት ቤት አሳዪኝ።

ቤቲ_ማናሳስ
ማሂ የኔ ቆንጆ፣ የትም ግዢ ግን ሞል ውስጥ ካለ ኪዮስክ እንዳትገዢ። የሱቁን ስም አልጠራም ግን ያደረጉኝን ልንገርሽ። ለልጄ ልደት ብዬ ሁለት ክራብ «ሙሉ ኪት» ተብሎ ገዛሁ፣ የሽቦ ቤት፣ በጣም ስስ የሆነ ባለቀለም ጠጠር፣ ስፖንጅ፣ አንድ ቆርቆሮ ምግብ። ልጅቷን ምን ላድርግላቸው ስላት በሳምንት አንዴ ውሃ እርጪባቸው ምንም አይፈልጉም አለችኝ፣ እንደውም ከአሳ ይቀላሉ አለችኝ። ወር ሳይሞላቸው አንዱ ከዛጎሉ ወጥቶ ራቁቱን ጥግ ላይ ተኝቶ አገኘነው፣ ሁለተኛውም ተከተለ፣ ልጄ ያለቀሰችው ለቅሶ ለሰው አይለቀስም። ደረሰኜን ይዤ ስሄድ ማናጀሩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ሕይወት ያለው ነገር አይመለስም፣ ግን ሌላ ክራብ ከገዛሽ የተቀባ ዛጎል በነጻ እንሰጥሻለን»!!! እኔ ለሬሳ ነው የመጣሁት እሱ ኩፖን ይሰጠኛል።

ሶል_ቪኤ
ወይ ጉድ። የትኛው ሞል ነው?

ቤቲ_ማናሳስ
አልጠራም አልኩ እኮ።

ሃና_ቲ
ቤቲ በካርድ ከከፈልሽ ባንክሽ ጋ ዲስፒዩት ማድረግ ትችዪ ነበር እኮ። እኔ የማይሠራ ብሌንደር ሸጠውኝ እንደዛ ነው ብሬን ያስመለስኩት።

ቤቲ_ማናሳስ
በካሽ ነበር የከፈልኩት የኔ እናት፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

ሶል_ቪኤ
ኢንቦክስ አድርጊልኝ ባክሽ፣ ልጆቼን ይዤ የምሄድበት እንዳይሆን።

ቆቁ
አገር ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ መቶ ዶላር ላክልኝ ብሎኝ ሦስት ወር ሙሉ እያሰብኩበት ነው። እዚህ ለሸርጣን ቤት፣ ማሞቂያ፣ መዋኛ፣ ሐኪም። ቀጥሎ ግሪን ካርድ ነው የሚሞላላቸው።

ማሂ_አሌክስ
ሃሃሃ ቆቁ፣ አንተ መጀመሪያ የአጎትህን ልጅ አስብበት ጨርስ።

ተሼ_አናንዴል
ማሂ እኛ ሰፈር ያለው የአሳ ሱቅ ሂጂ። ሰውየው የአሳ ፕሮፌሰር በይው። ከስንት ዓመት ጀምሮ ደንበኛው ነኝ አንድ ቀን አላሳሳተኝም። ለክራብ ነጭ ካልሲየም አሸዋ አለው፣ እሱን ነው የሚያዝልሽ፣ ዋጋውም ይቀንስልሻል የኔን ስም ጥሪ።

ሊዲያ_ክራብ
ተሼ ይቅርታ ግን ካልሲየም አሸዋ አይሆንም። ሲረጥብ ተጋግሮ ይደርቃል፣ እነሱ ደግሞ ሥሩ ገብተው መቆፈር አለባቸው። ማሂ የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጡት ሆም ዲፖ ወይም ሎውስ ሂጂና የልጆች መጫወቻ አሸዋ በይ፣ ፕሌይ ሳንድ ነው የሚሉት፣ ሃምሳ ፓውንዱ ከረጢት ከአስር ዶላር በታች ነው። ከፔትኮ ወይ ከፔትስማርት ደግሞ ኢኮ ኧርዝ የሚባለውን ተጨምቆ የደረቀ የኮኮናት ጭረት ውሰጂ። አምስት እጅ አሸዋ አንድ እጅ ኮኮናት ቀላቅለሽ በጨው ውሃ ታረጥቢዋለሽ፣ በእጅሽ ስትጨብጪው ቅርጹን ይዞ ከቀረ ግን ውሃ ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ጥልቀቱ ቢያንስ ስድስት ኢንች፣ ወይም የትልቁን ክራብ ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ከሁለቱ የበለጠውን። ለሃያ ጋለኑ ረጅም ታንክ ሁለት ከረጢት ያስፈልግሻል፣ ወገብሽን ጠብቂ።

ተሼ_አናንዴል
ሊዲያ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ሰውየው ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነው። ሥራውን ያውቃል።

ሊዲያ_ክራብ
አንተ ክራብ አሳድገህ ታውቃለህ?

ተሼ_አናንዴል
እኔ አሳ ነው ያለኝ። ግን እሱ ካለ አለ ነው።

ኪሩቤል_ኤስ
😂😂 ተከራክሮ ጨረሰ

አቤል_ጂ
ለምን ፖቶማክ ወንዝ ወስዳችሁ አትለቋቸውም? ነጻነታቸውን ስጧቸው።

ሊዲያ_ክራብ
አቤል እነዚህ የካሪቢያንና የደቡብ ፍሎሪዳ እንስሳት ናቸው፣ የቨርጂኒያን ክረምት አይችሉም። ደግሞ የየብስ ክራቦች ስለሆኑ ውሃ ውስጥ ተዘፍቀው ከቆዩ ይሰጥማሉ። ውቅያኖስም ብትወስዳቸው ያው ነው።

አቤል_ጂ
ክራብ ይሰጥማል? ዛሬ ነው የሰማሁት

ሊዲያ_ክራብ
እሺ ማሂ አሁን ዋናውን ልንገርሽ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ ሱቅ ነው የሚያወራው። እነዚህ ነገሮች የሚተነፍሱት እንደ አሳ በጊል ነው፣ ጊሉ አየር ላይ እንዲሠራ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፣ የሽቦ ቤት ውስጥ ያለው አየር ደረቅ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይታፈናሉ። ቤቲም ያጋጠማት እሱ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ የሽቦውን ቤት ጣዪውና የመስታወት ታንክ ላይ ክዳን አድርጊ፣ የመስታወት ክዳን ከሌለሽ የምግብ መሸፈኛ ፕላስቲክ ይበቃል። እርጥበቱ ከ75 እስከ 85 ፐርሰንት፣ ሙቀቱም ከ75 እስከ 85 ፋራናይት። ዲጂታል መለኪያ ግዢ፣ ባለመርፌዎቹ ያሳስታሉ። ማሞቂያ ፓዱን ከታንኩ ሥር እንዳታደርጊው፣ ከአሸዋው በላይ ከኋላ በኩል መስታወቱ ላይ ለጥፊው፣ ምክንያቱም ቆዳቸውን ሲቀይሩ ከታች ነው የሚቀበሩት፣ ከሥር ካሞቅሽ ትጠብሻቸዋለሽ። ስፖንጁን ጣዪው፣ የባክቴሪያ ቤት ነው። ሁለት ሳህን ውሃ ያስፈልጋል፣ አንዱ ጨው የሌለው አንዱ የባህር ጨው ያለበት፣ ገብተው እስኪነከሩ ጥልቅ ግን መውጫ ድንጋይ ያለው።

ሜሮን_አር
ጨውማ እኔ ጋ ከአገር ቤት የመጣ አሞሌ አለ፣ እሰጥሻለሁ። ንጹህ የአፋር ነው።

ሊዲያ_ክራብ
ሜሪዬ አሞሌውን ለራስሽ አስቀምጪ። እሱም የገበታ ጨውም ያው በብዛት ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ ለክራብ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም ምናምን ያለበት የአኳሪየም ጨው ነው የሚያስፈልገው፣ ኢንስታንት ኦሽን የሚባለው ለምሳሌ። ለአንድ ጋለን ግማሽ ኩባያ ገደማ። ትንሹ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ኢንጂነር_ካሳሁን
ውሃው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የቧንቧ ውሃ ቀድቶ ሌሊቱን ካሳደረው ክሎሪኑ ይተናል ይላል። ዲሲም ሆነ እኛ ሰሜን ቨርጂኒያ ግን አብዛኛውን ዓመት ውሃው ውስጥ የሚጨመረው ክሎራሚን ነው፣ እሱ በማሳደር አይወጣም። በየስፕሪንጉ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይቀይሩታል፣ ሽታው ያኔ የሚበረታው ለዛ ነው። ስለዚህ ፕራይም የሚባለውን ጠብታ ግዢ፣ ሲኬም ነው የሚያመርተው፣ ሁለቱንም ይገድላል።

ቆቁ
እኛ ስንት ዓመት ስንጠጣው ምን ሆንን?

ኢንጂነር_ካሳሁን
አንተ በጊል አትተነፍስም መሰለኝ።

ሃና_ቲ
ስለ ቬት ጠይቀሽ ነበር። እኔ ለውሻዬ የምሄድበት ፎልስ ቸርች ያለው ሐኪም በጣም አሪፍ ነው፣ ክትባቱም ርካሽ ነው።

ማሂ_አሌክስ
አመሰግናለሁ ሃኒ፣ ክራብ ያያል?

ሃና_ቲ
እሱን አልጠየቅኩም። ውሻ ግን በደንብ ያያል።

ዮዲት_ኤፍ
በዚሁ አጋጣሚ ድመት ይዞ አዲስ አበባ የሄደ ሰው አለ? ካቢን ውስጥ ነው ወይስ ካርጎ?

ማሂ_አሌክስ
ሊዲያ እግዜር ይስጥልኝ። ትንሹ ግን እስካሁን አልተንቀሳቀሰም፣ ሞቶ ይሆን? ባለቤቴ ጣዪው እያለኝ ነው።

ሊዲያ_ክራብ
እንዳትጥዪው! አሽትቺው። ሞቶ ከሆነ የበሰበሰ አሳ ሽታ ይሸታል፣ ጥርጥር የለውም። ካልሸተተ ለብቻው እርጥብ አሸዋ ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊው፣ ክዳን ግጠሚለት፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው፣ ውሃና ምግብ አጠገቡ ይሁን፣ ከዛ እንዳትነኪው። ደክሞም ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ሊቀይርም ሊሆን ይችላል። ሲቀይሩ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተቀብረው ይጠፋሉ፣ አሮጌውን ቆዳቸውን ራሳቸው ይበሉታል፣ ካልሲየሙ እዛ ስላለ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቆፍሮ አውጥቶ ነው የሚገድላቸው። ቬትን በተመለከተ ወፍና እንሽላሊት የሚያዩት ኤግዞቲክ የሚባሉት ጋ ደውለሽ ጠይቂ፣ ግን እውነቱን ለመናገር የክራብ መድኃኒቱ የሚኖርበት ቤት ነው፣ እርጥበቱ ከተስተካከለ ብዙው ነገር ይስተካከላል።

ሜሮን_አር
ምግባቸውስ? እንጀራ ይበላሉ?

ሊዲያ_ክራብ
ያገኙትን የሚበሉ ናቸው። ወጥ ያልነካው እንጀራ ቁራሽ ችግር የለውም ግን ምግባቸው እሱ አይደለም። ጨው የሌለው ሽሪምፕ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ካሮት፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ የባህር አረም፣ የደረቀ የኦክ ቅጠል። የሱቁን ደረቅ ምግብ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ፣ ኮፐር ሰልፌት ወይም ኢቶክሲኩዊን የሚባሉት ኬሚካሎች ካሉበት ተዪው። የኔዎቹ ጾም አያውቁም፣ ሽሪምፕ ሲሸታቸው ከያሉበት ይወጣሉ።

እማማ_አዜብ
ማሂ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ዔሊ ነበረው፣ ለሰው ሰጠው። ሃያ ጋለን የሚሉት መስታወት ከነክዳኑ ቤዝመንት አቧራ እየጠጣ ነው። ገንዘብ አልፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ውሰጂው፣ ቡናም ጠጥተሽ ትሄጃለሽ። አርሊንግተን ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ኪሩቤል_ኤስ
እማማ እድሜ ይስጥልን። ማሂ ይህን እንዳታልፊ።

ሊዲያ_ክራብ
እማማ ይባርክልን! ማሂ ዔሊ የነበረበት ስለሆነ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ እጠቢው፣ ሳሙና እንዳትጠቀሚ። እንግዲህ ገንዘብሽ ለዛጎል ይተርፋል ማለት ነው። ያልተቀባ ቱርቦ የሚባለውን፣ አፉ ክብ የሆነውን፣ ለአንድ ክራብ ከሦስት እስከ አምስት በተለያየ ሳይዝ ኦንላይን እዘዢ። ያ አርማ የተቀባውን በግድ እንዳታስለቅቂው፣ ከመልቀቅ መበጠስን ይመርጣል። አጠገቡ አስቀምጪለትና ጠብቂ። መጀመሪያ በአንቴናው ይነካካዋል፣ ከዛ ያን ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ትልቅ የግራ እጁን የዛጎሉ አፍ ውስጥ ከቶ ይለካል፣ ያገላብጠዋል፣ አሸዋውን ይደፋል፣ ትቶት ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከዛ ዓይንሽን ሳትጨፍኚ ያ ለስላሳ ጭራው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ይገባል። ልጅሽ ካየችው ቴሌቪዥን ትተዋለች።

ተሼ_አናንዴል
ዛጎልም እኛ ሰፈር አለው።

ቤቲ_ማናሳስ
የተቀባ ነው ያልተቀባ?

ተሼ_አናንዴል
ሁለቱም አለው። ደንበኛ የሚፈልገውን ነው የሚያቀርበው።

ቤቲ_ማናሳስ
እንግዲያው ከኔው ማናጀር ጋር ዘመድ ናቸው።

ሶል_ቪኤ
ሊዲያ እኔም ለልጆቼ ብገዛ የት ትመክሪኛለሽ?

ሊዲያ_ክራብ
አትግዛ። ሱቅ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከባህር ዳርቻ የተለቀሙ ናቸው፣ በቤት ማራባት እጅግ ከባድ ነው። ላንድ ኸርሚት ክራብ ኦውነርስ ሶሳይቲ የሚባል ማኅበር አለ፣ የማይፈልጓቸውን ከሰው ተቀብለው ለሚፈልግ ያገናኛሉ። ደግሞ አስብበት፣ በደንብ ከተያዙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኖራሉ፣ ልጆችህ ኮሌጅ ሲሄዱ አንተ ነህ የምትቀልባቸው።

ቆቁ
ሠላሳ ዓመት?? ሞርጌጅ በሉት እንጂ።

ማሂ_አሌክስ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ትረባረቡልኛላችሁ ብዬ አላሰብኩም። ትንሹን አሽትቼዋለሁ፣ አይሸትም 🙏 ስፖንጁን ጥያለሁ። ሌላውን ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን እንወስናለን።

ሊዲያ_ክራብ
አሸዋውን ከየት ወሰድሽ? ታንኩስ? ፎቶ ላኪልን እስቲ

ተሼ_አናንዴል
ሱቁ እሁድም ክፍት ነው።

ዮዲት_ኤፍ
ስለ ድመቷ የሚመልስልኝ ጠፋ ወይ?

ሊዲያ_ክራብ
ማሂ?

ሶል_ቪኤ
እማማ፣ ታንኩን ማሂ ካልወሰደችው እኔ ዛሬ ማታ መጥቼ መውሰድ እችላለሁ።