በፈረንሳይ መከላከያ ከአቻ እንዴት ልውጣ?
የቼዝ ወዳጆች፣ እርዱኝ። ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን የምንጋጠማቸው አንድ ጋሼ መሸነፍን አጥብቀው ይጠላሉ። ጥቁር ይዤ የፈረንሳይ መከላከያ የሚባለውን የጨዋታ መክፈቻ ስጫወት (ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ6፤ ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ዲ5) በሦስተኛው እርምጃ ወታደሬን በልተው ይለዋወጣሉ። ከዚያ የሁለታችን ሰልፍ በመስታወት እንደሚታይ አንድ ይሆናል፤ በተከፈተው የኢ መስመር ግንቦቹ ይበላላሉ፣ ንግሥቶቹም ይከተላሉ፣ አቻ። ትናንትም እንዲሁ ተለያየን፤ እሳቸው ግን እንዳሸነፈ ሰው ይስቃሉ!

መክፈቻውን መተው አልፈልግም፤ ሌሎች ተጋጣሚዎች ወታደራቸውን ወደ ኢ5 ሲገፉ በሲ5 መምታቱ ደስ ይለኛል። ሚዛኑን ለማዛባት የንጉሡን ጎን ፈረስ በኤፍ6 ፈንታ በኢ7 ላውጣ? ወይስ እሳቸው ንጉሣቸውን በአጭሩ ጎን ሲደብቁ የእኔን በንግሥቲቱ ጎን አሻግሬ ወታደሮቼን ልልቀቅባቸው? የሞከረ ካለ፣ የትኛው ያዋጣል?