ከለገዳዲ ንጹህ ይወጣል፤ ከእኛ ቧንቧስ?

የጉለሌው፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «የአዲስ አበባን ውሃ ያበላሸው ክሎሪን ነው፤ ድሮ የእንጦጦ ምንጭ ሳይታከም ይጠጣ ነበር» ሲሉ ጋዜጠኛው ዝም አለ! አፄ ምኒልክ በ1886 ገደማ ከእንጦጦ ወደ ግቢ ውሃ በቧንቧ ሲያስመጡ ከተማዋ ምን ያህል ሰው ነበራት? ዛሬ የምንጠጣው በገፈርሳ፣ በለገዳዲና በድሬ ግድቦች የተጠራቀመ የክረምት ጎርፍ ነው፣ የአቃቂ ጉድጓድም አለ። ጎርፉን ያለ ክሎሪን ለልጁ የሚያጠጣ ማን ነው?

ሰላም፦ እሺ፣ ሰውዬው አብዝተውታል። ግን ጠዋት ቧንቧ ስከፍት የበረኪና ሽታ ነው የሚቀበለኝ። ዝም ብዬ ልጠጣው?

ላብራቶሪ፦ እህቴ፣ የለገዳዲ ጭቃ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ብቻውን አይዘቅጥም። አሉሚኒየም ሰልፌት ሲገባበት ተያይዞ ይዘቅጣል፣ ውሃው በአሸዋ ይጣራል፣ ከዚያ ክሎሪን ይጨመርበታል። ትንሽ ክሎሪን የሚተርፈው መንገድ ላይ ለሚገጥመው ጀርም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም እንዲኖር ይመክራል። ሽታው ክፍት ዕቃ ውስጥ ሲቆይ ይጠፋል። ከለገዳዲ ንጹህ ሆኖ ነው የሚወጣው።

የኮልፌ እናት፦ «ንጹህ ሆኖ ነው የሚወጣው»! እኔ ለገዳዲ ሄጄ አልቀዳም። በፈረቃ ነው የሚመጣልኝ፤ በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ነው።

ላብራቶሪ፦ እኔ ስለ ማጣሪያው ነው የተናገርኩት።

የኮልፌ እናት፦ እኔም ከማጣሪያው ወዲህ ስላለው ነው የምጠይቅህ። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊት የለውም፤ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ የአካባቢው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይገባል። በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲገባ አፍልታችሁ ጠጡ ተባልን። ንጹህ ከሆነ ለምን አፈላለሁ? የከሰሉንስ ማን ይከፍላል?

የጉለሌው፦ ይሄ የፈረቃ ጥፋት ነው፣ የክሎሪን አይደለም። ርዕሱን አትቀይሩብኝ!

ሰላም፦ እኛ ሰፈር ሁሉም የታሸገ ነው የሚገዛው፣ ተገላገልን።

የኮልፌ እናት፦ አምስት ልጅ በታሸገ ውሃ ይታጠባል? ሮቶ ያላችሁ ሰዎች ፈረቃ ምን እንደሆነ አታውቁም።

ሰላም፦ ሮቶ አለኝ አልኩሽ? ሳታውቂኝ አትፍረጂብኝ።

ላብራቶሪ፦ ሮቶም ካልታጠበ ራሱ ይበክላል። ጀሪካን ላይ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጨምሩበት።

የኮልፌ እናት፦ ይኸው አንተም ክሎሪኑን እኔ እንድጨምር እየነገርከኝ ነው። ከእኔ ቧንቧ ቀድተህ ለካና ያኔ ንጹህ ነው በለኝ።