የኩይሳ እንጉዳይና የጅብ ጥላ፦ ሳይሳሳቱ በምን ይለያሉ?

ደጋ_ዘንቢል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዝናቡ ጠበቅ ሲል ኩይሳ ዙሪያ እንጉዳይ ብቅ ብቅ ይላል፤ ለፍልሰታ ጾምም ከሽሮ የሚያሳርፍ ጥሩ ወጥ ይወጣዋል። ችግሩ የጅብ ጥላ የምንለውም እዚያው አጠገቡ መብቀሉ ነው። የሚበላውን ከማይበላው በምን ልለይ? ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ ሽንኩርቱ ካልጠቆረ ደህና ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ቀቅሎ የመጀመሪያውን ውሃ መድፋትስ? አሜሪካ ያሉ ዘመዶችም ግቢያቸው ሣር ላይ ስለሚበቅል ነጭ እንጉዳይ ይጠይቃሉ፤ ስለሱም የምታውቁ ካላችሁ።

ኩይሳ_ጠባቂ

ከሽንኩርቱ ልጀምር፤ ሰው የሚጨርሰው እሱ ነውና። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የብር ማንኪያ መርዝ አይለይም። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ያለበት ነገር ነው፤ የተቀቀለ እንቁላልም ያጠቁረዋል። አማቶክሲን የሚባለው ገዳዩ መርዝ ብሩንም ሽንኩርቱንም ምንም አያደርጋቸውም። «ትል ገብቶበታል፣ ቀንድ አውጣ በልቶታል፣ ስለዚህ ለሰውም ይሆናል» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ቀንድ አውጣ ገዳዩን እንጉዳይ በልቶ ምንም አይሆንም። መቀቀል፣ ውሃ መድፋት፣ ማድረቅ፣ በኮምጣጤ መዘፍዘፍ፣ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ አማቶክሲንን አያጠፋውም። ጣዕሙም አያስጠነቅቅም፤ መራራ አይደለም።

አሁን ወደ ኩይሳው። ይህ እንጉዳይ ተርሚቶማይሲስ ይባላል፤ የምስጥ እርሻ ነው ቢባል ይሻላል። ምስጦቹ ያኘኩትን እንጨትና ሣር ከመሬት በታች እንደ ስፖንጅ ከምረው እሱን ያበቅሉበታል፤ ዝናብ ሲያርሰው ቆቡን ወደ ላይ ይልካል። ስለዚህ እግሩ አፈሩ ላይ አያበቃም፤ እንደ ካሮት እየቀጠነ፣ እየጠነከረ ወደ ጎሬው ይወርዳል፣ አንዳንዴ ከክንድ በላይ። ዋናው መለያ ይሄ ስለሆነ ከአፈር በላይ በቢላ አትቁረጪው። ከጎኑ ፈልፍለሽ እስከምትደርሺበት ድረስ አውጪው።

ስትቆፍሪ እግሩ ከታች እንደ ሽንኩርት አብጦ፣ እንደተሰነጠቀ የእንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ካገኘሽው ተዪው። አማኒታ ከሚባለው ወገን ነው፤ በዓለም ላይ በእንጉዳይ ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው የዚሁ ወገን ነው። ከረጢቷ አፈር ውስጥ ስለምትቀር ቆርጦ የለቀመ ሰው አያያትም፤ ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የኩይሳው ምልክት ቆቡ ነው። መሃሉ እንደ ጎጆ ጉልላት ሾጠጥ ብሎ ጠንከር ይላል፤ ሲዘረጋ ጠርዙ ወደ መሃል ይሰነጠቃል። ከቆቡ ስር ያሉት ሽንሽኖች መጀመሪያ ነጭ ናቸው፤ ሲበስል ወደ ሮዝ ያደላሉ። ገና ያልተከፈተ፣ እንቁላል የመሰለ ቡቃያ ግን ምንም ቢያምር አትልቀሚ። የአማኒታም ቡቃያ እንቁላል ነው የሚመስለው። ከላይ ወደ ታች ሁለት ቦታ ብትሰነጥቂው የቆቡና የሽንሽኑ ቅርጽ ውስጡ ተስሎ ይታያል።

ብናኝ

ኩይሳ_ጠባቂ የጻፉት ልክ ነው፤ አንድ ማረሚያ ግን አለኝ። ተርሚቶማይሲስ ሁሉ ረጅም ሥር የለውም። ማይክሮካርፐስ የሚባለው ቆቡ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ምስጦች ወደ ውጭ ያወጡት ስፖንጅ ላይ በመቶዎች ሆኖ ይፈላል፤ እግሩ አጭር ነው። እሱን ከሌሎች ትንንሽ እንጉዳዮች መለየት የለመደ ዓይን ይጠይቃል። ለጀማሪ የምመክረው ትንንሹን ሁሉ መተው ነው፤ በተለይ ቡናማውን። ጋለሪና እና ሌፒዮታ ከሚባሉት ትንንሾች ውስጥ አማቶክሲን ያለባቸው አሉ። በተቃራኒው ሺምፐሪ የተባለው የኩይሳ እንጉዳይ (ስሙ ከሺምፐር ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ከኖረው ጀርመናዊ የእጽዋት ሰብሳቢ) ቆቡ ላይ ቅርፊት አለው። ስለዚህ «ቅርፊት ያለው ሁሉ መርዝ ነው» ማለትም አያስኬድም።

ከቁፋሮው ቀጥሎ የሚታመነው የብናኝ (እንጉዳዩ የሚራባበት ደቃቅ ዱቄት) ቀለም ነው፤ ወጪ የለውም። ቆቡን ከእግሩ ቆርጠሽ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርገሽ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ አስቀምጪ። ጥቁሩ ያስፈለገው ነጭ ብናኝ ነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። ብርጭቆ ድፊበትና አሳድሪው፤ ጠዋት ዱቄት የመሰለ ኅትመት ታገኛለሽ። የኩይሳው ወደ ሮዝ ያደላል፣ የአማኒታ ነጭ ነው፣ ግጦሽ ላይ የሚበቅለው የሜዳ እንጉዳይ ማለትም አጋሪከስ ደግሞ የቸኮሌት ቡኒ። ምንም ካልወረደ ቆቡ ያልበሰለ ወይም የደረቀ ነው፤ ሌላ ሞክሪ እንጂ «ነጭ ነው» ብለሽ አትደምድሚ። ሮዝ መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ ኤንቶሎማ የተባለው መርዛማ ወገንም ብናኙ ሮዝ ነው። ሥሩ፣ ጉልላቱ፣ ብናኙና ምስጡ አራቱም ካልተስማሙ ድስት ውስጥ አይገባም።

ስለ ሜዳው እንጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር። እግሩን ከታች ጫፉ ስንጥቂው፤ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ከሆነና የቀለም ወይም የሆስፒታል ሽታ ከሸተተ ሆድ የሚበጠብጠው ዓይነት ነው። ሽታው መጥበሻ ላይ ይብሳል።

ተረኛ_24

ለይቶ ማወቁን ሌሎች ጽፈውታል፤ ተበልቶ ከሆነ ስለሚደረገው ልጻፍ። ዋናው ጥያቄ ሰዓቱ ነው። ከበሉ በኋላ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ የጀመረ ማስመለስና ተቅማጥ ክፉ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም። ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ባለው ጊዜ የጀመረ ግን አማቶክሲን ነው ተብሎ ወደ ሆስፒታል ይሮጣል። ሁለት ዓይነት እንጉዳይ አንድ ድስት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ጀመረ ተብሎ መዘናጋት አይቻልም።

ሰው የሚዘናጋው በሁለተኛው ቀን ነው። ማስመለሱ ይቆማል፣ በሽተኛው ሾርባ ይጠይቃል፣ ቤተሰብ ተመስገን ይላል። በዚያው ሰዓት ጉበቱ እየሞተ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፤ ያኔ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ስለዚህ «ተሽሎታል» ብላችሁ ከሆስፒታል አታውጡት፤ የጉበት ምርመራው በየቀኑ ይደገም በሉ።

ወተት፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ የጨው ውሃ አትስጡ፤ ጣት ከቶ ማስመለስም አይረዳም። ከማዕዱ የበላ ሁሉ፣ ምንም ያልተሰማው ልጅም ቢሆን፣ አብሮ ይሂድ። የተረፈውን ጥሬ እንጉዳይ ከነሥሩ በወረቀት፣ የተረፈውን ወጥ በዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ የተበላበትንና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሜሪላንድ_ዳር

ለአሜሪካዎቹ፦ የኩይሳውን እውቀት እዚህ አታምጡት። እዚህ ኩይሳ የሚሠራው ዓይነት ምስጥ የለም፣ ስለዚህ «የአገራችንን ይመስላል» የሚባል ሁሉ ሌላ ነገር ነው። ሣር ላይ ክብ ሠርቶ የሚበቅለው ትልቅ ነጭ እንጉዳይ ብዙ ጊዜ ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ ነው፤ ብናኙ አረንጓዴ ነው፣ ሽንሽኑም ሲያረጅ ወደ ግራጫ አረንጓዴ ይሄዳል። ወጣት ሳለ ሽንሽኑ ነጭ ስለሆነ ያታልላል። አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያስመልሳል። የከፋው ኦክ ዛፍ ስር የሚበቅለው ነው። ዴዝ ካፕ የሚባለው ገዳይ አማኒታ በካሊፎርኒያም በምሥራቁም አለ፤ ሙሉ ነጭ የሆነው ዘመዱ ደግሞ እዚህ ምሥራቅ ጫካ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2016 ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ 14 ሰዎች በዴዝ ካፕ ተመርዘው ሦስቱ ጉበት ተቀይሮላቸዋል። የመርዝ መረጃ ስልክ 1-800-222-1222 ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ በነጻ ነው፣ አስተርጓሚም ይሰጣል።

የስልክ መለያ መተግበሪያ አትመኑ። አዋቂ የሚጠይቅ ሰው የሚልከው ፎቶ የላዩን፣ የሽንሽኑን፣ ከነአፈሩ የወጣ ሥሩን፣ ለሁለት የተሰነጠቀውንና አጠገቡ ያለውን ዛፍ ያሳይ። ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ አይቶ «ይበላል» የሚልን ሰው ሽሹት።

ሐይፋ_ዝናብ

ለእስራኤሎቹ በአጭሩ፦ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ጥድ ጫካ ውስጥ የሚለቀመው ኦርኒያ ከቆቡ ስር ሽንሽን የለውም፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስፖንጅ ነው። የሚያጣብቀውን ቆዳ ልጣችሁ ጣሉ፣ እሱ ነው ሆድ የሚያበላሸው። ሽንሽን ያለው ነገር ከቅርጫቱ ይውጣ።

ደጋ_ዘንቢል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከለቀምኩት በኋላ በፌስታል ቢቆይ ምን ይሆናል? ስንት ደቂቃስ ልቀቅለው?

ኩይሳ_ጠባቂ

ፌስታል ያልበዋል፤ በሰዓታት ውስጥ ይበላሽና ይሸታል። የሚበላ እንጉዳይ ከበሰበሰም ያሳምማል፤ ብዙ «መርዝ ነበር» የሚባለው ነገር ብስባሽ ነው። ዘንቢል ወይም የወረቀት ከረጢት ያዢ፤ ያላወቅሽውን ዓይነት ካወቅሽው ጋር አትቀላቅዪ፣ ስባሪው ይገባበታልና። መንገድ ዳርና መድኃኒት የተረጨበት ማሳ ላይ አትልቀሚ። ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን አታሳልፊው። ከትፈሽ ቢያንስ 15 ደቂቃ በደንብ ይብሰል፤ ጥሬውን አትቅመሺ።

አዲስ ዓይነት ስትጀምሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ጉርሻ ብቻ፣ ያለ ጠላና ያለ ቢራ። ይህ የሚያሳይሽ ሆድሽ እንደሚቀበለው ነው፤ መርዝ መሆኑን መፈተኛ እንዳይመስልሽ፣ የአማኒታ ጉርሻም ይጎዳል። ከዚያው ከለቀምሽው ላይ አንዱን ሳይታጠብ፣ ከነሥሩ፣ በወረቀት ጠቅልለሽ ቀኑን ጽፈሽበት ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን አቆዪው፤ ካሳመመሽ ለሐኪም ይታያል።