ክትባቱ በነጻ ይመጣል፤ ማድረሻው ብርስ ከየት ይያዛል?

ከዚራ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ድሬ ለጤና ጣቢያችን የሚቀጥለውን ዓመት በጀት እያዘጋጀን ነው። «ክትባት በፌዴራል ይሸፈናል፣ ከዕቅዱ ይውጣ» የሚሉ አሉ። ትክክል ነው? አስተዳደሩ የሚችለው የቱን ነው? ነዳጅና አበልስ በምን ስሌት ይያዝ?

የበጀት ሰው፦
እንዳያወጡት። በነጻ የሚደርሳችሁ ክትባቱ፣ መርፌውና ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ መጣያው) ብቻ ነው። እንደ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ) ያሉትን ነባር ክትባቶች የፌዴራል መንግሥት በዩኒሴፍ በኩል ይገዛል። ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው፣ እ.ኤ.አ. 2007)፣ ፒሲቪ (የሳንባ ምች፣ 2011) እና ሮታ (የተቅማጥ፣ 2013) የገቡት በጋቪ (ዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት) ድጋፍ ሲሆን፣ አገሪቱም ድርሻዋን ትከፍላለች።

ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ውሎ አበልና የፍሪጅ ጥገና ግን የአስተዳደሩ ወይም የክልሉ ዕዳ ነው፤ ሐረርም እንዲሁ። የፌዴራል ድጎማ በጥቅል ስለሚመጣ «ይህ ለክትባት» የሚል ምልክት የለውም። በዕቅድ ያልተጻፈ ነገር ለመንገድና ለትምህርት ቤት ይሄዳል። ጣቢያው ከአገልግሎት ክፍያ በሚሰበስበው የውስጥ ገቢም አትመኩ። ክትባት ከክፍያ ነጻ አገልግሎት ስለሆነ ሳንቲም አያስገባም፤ የጣቢያው ቦርድም የውስጥ ገቢውን በቅድሚያ ለመድኃኒት ነው የሚያውለው። የፖሊዮና የኩፍኝ ዘመቻ ገንዘብንም አትቁጠሩት፤ ለዘመቻው ብቻ ነው፣ ለመደበኛው ሥራ አይዞርም።

ዋሂል መንገድ፦
ነዳጁን በሊትር ጻፉት፣ ብሩ ከጎኑ ይሁን። ዋጋ ሲጨምር የሚከራከርላችሁ ሊትሩ ነው። ለምሳሌ የአውትሪች ቦታው (ከጣቢያው ወጥታችሁ የምትከትቡበት) ደርሶ መልስ 70 ኪሎ ሜትር ከሆነና በወር 2 ጊዜ ከተወጣ፣ በዓመት 24 ጉዞ፣ 1,680 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 30 የሚሄድ ሞተር 56 ሊትር ይፈጃል፤ ለጠጠርና ለአሸዋ መንገድ 15 በመቶ ጨምሩና 65 ሊትር አስይዙ። ይህ በበጀት ሒሳብ መደብ 6217 (ነዳጅ) ይገባል፤ አበሉ (ጉዞ × ሰው × የቀን ተመን) በ6231። ለእያንዳንዱ ቦታ ለየብቻ አስሉ። የጀልዴሳና የቢዮ አዋሌ መንገድ አንድ አይደለም፤ በአማካይ ከተያዘ ሁልጊዜ የሚቀረው የሩቁ ቀበሌ ነው።

ኮልድ ቼይን፦
ጥገናን አትርሱ፤ ሁሌ ዜሮ የሚጻፍበት እሱ ነው። ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። በድሬ ሙቀት ሁሉም የሚፈራው መሞቅን ነው፤ ስለዚህ በሞቃቶቹ ወራት ቴርሞስታቱን ከልክ በላይ ያቀዘቅዙታል። ፔንታ፣ ፒሲቪና ኤችፒቪ (የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት) ግን አንዴ ከረጉ አለቀላቸው፣ ቢቀልጡም አይሠሩም። አይስ ፓክም (ውኃ የሚረጋበት የፕላስቲክ ዕቃ) ከፍሪዘር እንደወጣ ወደ ክትባት መያዣው አይገባም፤ ሲወዘወዝ ውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ውጭ ይቆይ። ለሶላር ፍሪጅ የፓነል ማጽጃና የገመድ መለዋወጫ፣ በመብራት ለሚሠራው ስታቢላይዘር (የኤሌክትሪክ ኃይል ማመጣጠኛ) አስይዙ። ስታቢላይዘር የሌለው ፍሪጅ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ያን ጊዜ ጥገና ሳይሆን አዲስ ፍሪጅ ልትጠይቁ ነው።

ከዚራ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ብር ይዘገያል። ምን ይደረግ?

የበጀት ሰው፦
የጥሬ ገንዘብ ፍላጎት ዕቅዱን ለአራት እኩል አትክፈሉት። የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት የነዳጅና የአበል ፍላጎት ከነወሩ ዘርዝራችሁ፣ በጀቱ ጸድቆ እንደተደለደለ ለፋይናንስ አስገቡ። ሰኔ ላይም ቀሪው ነዳጅ በኩፖን ተቀድቶ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር አድርጉ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ያልተሠራበት መደበኛ በጀት ተመላሽ ነው።